ሳይጠሩት የሚመጣ ድራይቨር፦ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ መቼ ይታደስ፣ ማንስ ይወስን?

«ሲስተም የለም» በአገራችን መሥሪያ ቤቶች መስኮት ላይ ከሚሰሙት መልሶች ሁሉ የተለመደው ከሆነ ሰነባብቷል። ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን መልስ የሚሰማው የከተማው ነዋሪ ብቻ አይደለም። ከጎዛምን፣ ከስናን ወይም ከማቻከል ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ፣ የመኪና ከፍሎ፣ የቀን ሥራውን ትቶ የመጣ ገበሬም ይሰማዋል። የጠፋው መብራት ይሁን ኔትወርክ ወይም ሌላ ነገር ለእሱ ልዩነት የለውም፤ ቀኑ ባክኗል። ለመሥሪያ ቤቱ ግን ምክንያቱን ለይቶ ማወቅ ግዴታ ነው። መብራቱና ኔትወርኩ ከቢሮው አቅም በላይ ናቸው። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ሙሉ በሙሉ በቢሮው እጅ ያለ ነው፦ ማታ በደኅና የነበረው ላፕቶፕ ሲዘጋ «አፕዴት እየተደረገ ነው፣ አታጥፉ» ይላል፤ ጠዋት ሲከፈት ፕሪንተሩን አያውቀውም፣ ዋይፋዩ ጠፍቷል፣ ወይም ስክሪኑ ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ማንም ሳያዘው አዲስ ድራይቨር ገብቷል ማለት ነው።

ድራይቨር በላፕቶፑ አካልና በዊንዶውስ መካከል የቆመ አስተርጓሚ ነው። ዊንዶውስ «ይህን ገጽ አትም» ሲል ትእዛዙን ፕሪንተሩ በሚገባው ቋንቋ የሚያደርሰው እሱ ነው፤ ስክሪኑም፣ ድምፁም፣ ዋይፋዩም፣ የጣት አሻራ ማንበቢያውም የየራሳቸው አስተርጓሚ አላቸው። ድራይቨር ከሌላው ፕሮግራም የሚለየው በሚሠራበት ቦታ ነው። ወርድ ወይም ኤክሴል ቢበላሽ ዘግቶ መክፈት ይበቃል። ብዙዎቹ ወሳኝ ድራይቨሮች ግን የሚሠሩት ባለሙያዎች ከርነል በሚሉት የኮምፒውተሩ እምብርት ውስጥ ስለሆነ፣ ሲሳሳቱ ማሽኑን በሙሉ ይዘውት ይወድቃሉ። በ1996 ዓ.ም. የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባቀረቡት ጥናት በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ሪፖርት ከተደረጉት ብልሽቶች 85 በመቶው ከድራይቨር የመነጩ መሆናቸውን ጠቅሰዋል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል፤ ድራይቨሩ የሚቆምበት ቦታ ግን ያው ነው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አንድ ነው፦ በመሥሪያ ቤት ላፕቶፕ ላይ የደኅንነት ማሻሻያ በራሱ ይግባ፤ ድራይቨር የሚገባበትን ቀን ግን ቢሮው ራሱ ይወስን።

ነገሩ እዚህ እንዴት ደረሰ? ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10ን በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ሲያወጣ ማሻሻያ መቀበልን ከምርጫ ወደ ግዴታ አስጠጋው። «ሆም» የተባለውን እትም የሚጠቀም ሰው እምቢ የሚልበት ቁልፍ አልተሰጠውም፤ ድራይቨሮችም ከደኅንነት ማሻሻያው ጋር ተከታትለው በራሳቸው ይገቡ ጀመር። ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም። ማሻሻያ የማይቀበል ኮምፒውተር ራሱ ከመጠቃት አልፎ ሌላውን ያስጠቃል፤ ተጠቃሚው ደግሞ ካልተገደደ አያደርገውም። አሠራሩም ጥንቃቄ አለው፤ አዲሱ ድራይቨር መጀመሪያ ለጥቂት ማሽኖች ይላካል፣ ብልሽቱ ከበዛ ይቆማል፣ ካልበዛ ለሌሎቹ ይለቀቃል። ይሁን እንጂ ይህ የብዙኃን ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ከ1,000 ላፕቶፖች 995ቱ በደኅና ቢያልፉ ለአምራቹ ትልቅ ስኬት ነው። የቀሩት አምስቱ የት እንዳሉ፣ ምን ሥራ ይሠሩባቸው እንደነበር፣ ሌላ ምትክ ይኑር አይኑር ግን በሒሳቡ ውስጥ አይገባም። 50 ላፕቶፕ በመጋዘን ያለው የውጭ ድርጅት አንዱ ሲበላሽ ሌላውን አውጥቶ ሥራውን ይቀጥላል። አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር ላለው የወረዳ ክፍል ግን ከ1,000 አምስት የሚባል ነገር የለም፤ ወይ ሁሉም ይሠራል ወይ ሁሉም ይቆማል።

ከዚህም በላይ ከ1,000ዎቹ መካከል የሚወድቁት ማሽኖች በዕጣ የሚወጡ አይደሉም። ችግሩ የሚበረታው በአሮጌው፣ በተቀላቀለውና አምራቹ ሲፈትሽ ባላሰበው ማሽን ላይ ነው። የእኛ ቢሮዎች ደግሞ የሚሠሩት በተለያየ ጊዜ በጨረታ በተገዙ፣ በእርዳታ በመጡ፣ ክፍላቸው እየተለወጠ በተጠገኑ ዕቃዎች ነው። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. የሆነው ነገር ይህን በግልጽ ያሳያል። ኤፍቲዲአይ የተባለው የስኮትላንድ ኩባንያ ልዩ ልዩ መሣሪያዎችን በዩኤስቢ ገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ቺፕ ይሠራል። በዊንዶውስ አፕዴት በኩል የተሰራጨው አዲሱ ድራይቨሩ ተመሳስለው የተሠሩ ቺፖችን ሲያገኝ መለያ ቁጥራቸውን ወደ ዜሮ እየለወጠ ከጥቅም ውጭ አደረጋቸው። ቁጣ ሲነሣ ድራይቨሩ ከአፕዴቱ ወጣ፤ ገመዱ የቆመበት ሰው ግን ተመሳስሎ የተሠራ መሆኑን እንኳ አያውቅም ነበር። ዋናውንና ተመሳስሎ የተሠራውን መለየት በሚያስቸግርበት ገበያ ለሚገዛ አገር ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያም በዚሁ መንገድ የተላከ የኤችፒ ኪቦርድ ድራይቨር፣ ቁጥሩ 11.0.3.1 የሆነው፣ ኮምፒውተሮችን ሰማያዊ ስክሪን ላይ ጥሎ ማይክሮሶፍት አነሣው። ኪቦርዶቹ ከድራይቨሩ በፊት ይሠሩ ነበር። አባቶች «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ከሁሉ የገነነው ምሳሌ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. የታየው ነው። ያን ቀን የተላለፈው የዊንዶውስ አፕዴት ሳይሆን ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ በራሱ መንገድ የላከው ፋይል ነበር። ፋይሉን የሚያነብበው የኩባንያው ድራይቨር ግን በከርነል ውስጥ ስለሚሠራ፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒውተሮች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ወደቁ። ማይክሮሶፍት እንዳለው ይህ ከዓለም የዊንዶውስ ማሽኖች 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። አውሮፕላኖች ግን ቆሙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ ሰረዙ፣ ባንኮች አገልግሎት አቋረጡ። ትምህርቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ «ከ1 በመቶ በታች» የሚለው ቁጥር ጉዳቱ ያረፈበትን ቦታ አይናገርም። ሁለተኛው፣ የተበላሸው ማሽን ራሱ ስለማይነሣ መፍትሔውን በኢንተርኔት መላክ አልተቻለም፤ ብዙዎቹ ባለሙያ ፊታቸው ቀርቦ አንድ በአንድ በእጅ መስተካከል ነበረባቸው። ስሕተቱ በሰከንድ ይደርሳል፤ ጠጋኙ ግን በእግሩ ነው የሚሄደው። ባለሙያ በበዛበት አገር ቀናት የፈጀው ጥገና፣ አንድ ባለሙያ ብዙ ቢሮዎችን በሚያዳርስበት ዞን ምን ያህል ሊፈጅ እንደሚችል መገመት አይከብድም።

የደብረ ማርቆስ ሁኔታ ይህን ሁሉ ያጠነክረዋል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ የመርካቶ ዕቃና የአምራች ወኪል ባለሙያ የሚመጡት የዓባይን በረሃ ተሻግረው ነው። የኢንተርኔቱ ታሪክም የራሱ ጠባይ አለው። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለአንድ ዓመት ገደማ ተቋርጦ ቆይቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በከተሞች መመለስ ጀመረ። ለወራት ከመስመር ውጭ የቆየ ላፕቶፕ እንደ ተገናኘ የመጀመሪያ ሥራው የተጠራቀመውን ማሻሻያ ሁሉ መጎተት ነው፤ የወራት የደኅንነት ጥገና፣ የስክሪን፣ የዋይፋይና የድምፅ ድራይቨር በአንድ ቀን ይወርዳል። በየወሩ አንድ አንድ ቢገባ ኖሮ የትኛው እንዳበላሸ ይታወቅ ነበር፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲገባ ግን ጥፋተኛውን መለየት አስቸጋሪ ይሆናል። የጥቅል ዳታ የሚጠቀመው ቢሮ ደግሞ ላልጠየቀው ነገር ከኪሱ ይከፍላል፤ የግራፊክስ ድራይቨር ብቻውን በመቶዎች ሜጋባይት የሚቆጠር ነውና። ቀጥተኛ መስመር የሚጠቀመውም ቢሆን አሥር ላፕቶፖች በአንድ ጊዜ ሲጎትቱ ዋናው የአገልግሎት ሲስተም ይንቀራፈፍበታል።

በዚህ ላይ የሥራው ዘመን አቆጣጠር አለ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ያበቃል። በሰኔ የመጨረሻ ሳምንታት አይቤክስ በሚባለው የሒሳብ ሥርዓት የሚሠራ የወረዳ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት አንድ ቀን ቢቆም የሚጎዳው ያ ቀን ብቻ አይደለም፤ ያልተወራረደ ክፍያ፣ የሚመለስ በጀት፣ ደመወዙ የሚዘገይ ሠራተኛ አለ። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ በሚመዘግብበት ሳምንት፣ ሆስፒታሉ የላቦራቶሪ ውጤት በሚያትምበት ሰዓት፣ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ገልብጦ በሚሰጥበት ቀን ያው ነው። አሜሪካ ሬድመንድ ያለው ማይክሮሶፍት ሰኔ 30 በኢትዮጵያ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም፤ እንዲያውቅም አይጠበቅበትም። የሚያውቀው ቢሮው ነው። ቀኑን መወሰን ያለበትም ስለዚህ ቢሮው ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ በጥድፊያ መካከል የገባ ድራይቨር በጥድፊያ መካከል ይጥላል።

እዚህ ላይ ግን መፍትሔውን ከችግሩ የባሰ የሚያደርግ ፈተና አለ። በአፕዴት ለተቸገረ ሰው የሚታየው ቀላሉ ነገር የአፕዴቱን አገልግሎት ከሥሩ ማጥፋት ነው። ላፕቶፑ ጸጥ ይላል፣ ዳታው አይበላም፣ ፕሪንተሩም ይሠራል። የዚህን ዋጋ ዓለም በ2009 ዓ.ም. አይቶታል። ማይክሮሶፍት መጋቢት 5 ቀን አንድ ትልቅ የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፍን ማሻሻያ አወጣ። ግንቦት 4 ቀን ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን አጠቃ፤ የእንግሊዝ የሕክምና አገልግሎት ሆስፒታሎች በሽተኛ እስከ መመለስ ደረሱ። መድኃኒቱ ከበሽታው ሁለት ወር ገደማ ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ የተጠቁት በአብዛኛው ያልወሰዱት ወይም ማሻሻያ በማያገኝ አሮጌ ዊንዶውስ የሚሠሩት ናቸው። የዋናክራይና የኪቦርዱ ድራይቨር ታሪኮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ መንገዱን ያሳያሉ። አንዱ የደኅንነት ማሻሻያን መዝጋት ምን እንደሚያስከትል ይናገራል፣ ሌላው ድራይቨርን ያለ ጠባቂ መልቀቅ ምን እንደሚያመጣ። ሁለቱን በአንድ ቁልፍ የሚዘጋም ሆነ በአንድ ቁልፍ የሚከፍት ቢሮ ይሳሳታል።

መለያየቱ ደግሞ ይቻላል። ማይክሮሶፍት ራሱ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ባወጣው የዊንዶውስ 10 እድሳት፣ ለመሥሪያ ቤት በተዘጋጁት «ፕሮ» እና ከዚያ በላይ በሆኑ እትሞች፣ የዊንዶውስ አሠራር በሚታዘዝበት ግሩፕ ፖሊሲ ውስጥ በዊንዶውስ አፕዴት ክፍል ሥር ድራይቨሮች ከማሻሻያው ጋር እንዳይካተቱ የሚያዝ መመሪያ አስገብቷል። ይህን መመሪያ ያበራ ላፕቶፕ ወርሃዊ የደኅንነት ማሻሻያውን ያገኛል፤ ድራይቨር ግን በዚያ መንገድ አይመጣበትም። የሆም እትም የግሩፕ ፖሊሲ ማስተካከያ የለውም፤ ስለዚህ የሚቀጥለውን ጨረታ የሚያወጣ የግዥ ክፍል «ዊንዶውስ ፕሮ፣ ሕጋዊ ፈቃድ ያለው» ብሎ መጻፉ ከራምና ከሃርድ ዲስኩ መጠን ያላነሰ ጉዳይ ነው። የገባ ድራይቨር ሲያስቸግርም በዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ወደ ቀድሞው የሚመልስ «ሮል ባክ» የሚባል ቁልፍ አለ፤ ፎርማት ለማድረግ ከመቸኮል በፊት መሞከር ያለበት እሱ ነው። በአንድ ግቢ ብዙ ኮምፒውተር ያላቸው፣ ለምሳሌ እንደ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት፣ አንዱ ላፕቶፕ ያወረደውን ማሻሻያ ለሌሎቹ በውስጥ መስመር እንዲያካፍል የሚያደርገውን የዊንዶውስ አሠራር መጠቀም ይችላሉ። ያኔ ያው ፋይል ከኢንተርኔት መቶ ጊዜ መውረዱ ይቀራል።

ከባዱ ተቃውሞ ከደኅንነት ባለሙያዎች የሚመጣው ነው፦ ድራይቨርም እኮ ቀዳዳ ይኖረዋል፣ አሮጌውን ይዞ መቀመጥ አደጋ ነው ይላሉ። እውነት አላቸው። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በዴል ኮምፒውተሮች ላይ ለ12 ዓመት ያህል ሲጫን በኖረ ድራይቨር ውስጥ፣ ተራ ተጠቃሚን የማሽኑ ሙሉ ባለሥልጣን ሊያደርግ የሚችል ቀዳዳ መገኘቱ ተገለጸ። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በኤችፒ፣ በሳምሰንግና በዜሮክስ ፕሪንተሮች ድራይቨር ውስጥ የኖረ ሌላ ቀዳዳ ይፋ ሆነ። እነዚህ ዕቃዎች በየቢሮአችን ያሉ ናቸው። ይሁን እንጂ ማስረጃው የሚያፈርሰው «ድራይቨር አይታደስ» የሚለውን ሐሳብ እንጂ፣ «ቀኑን ቢሮው ይወስን» የሚለውን አይደለም። እንዲህ ያለው የድራይቨር ቀዳዳ በአብዛኛው የሚጠቅመው አስቀድሞ ወደ ማሽኑ የገባን አጥቂ ነው፤ እንደ ዋናክራይ ከውጭ በመስመር ዘሎ አይገባም። ስለዚህ በታወቀ ቀን ለመታደስ የሳምንታት ጊዜ ይሰጣል፤ የዓመታት ጊዜ ግን አይሰጥም። አጥቂዎች የሚጠቀሙባቸው የታወቁ ድራይቨሮች እንዳይሠሩ የሚያግደው ዝርዝርም ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ በዊንዶውስ 11 ላይ በራሱ በርቶ ይመጣል። የደኅንነት ማሻሻያውን ያልዘጋ ቢሮ ይህን ጥበቃ አያጣም።

ሌላው ተቃውሞ የደኅንነት ማሻሻያም ያበላሻል የሚል ነው። ይህም ደርሷል፤ የካቲት 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የወጣው ወርሃዊ ማሻሻያ ወደ አንዳንድ የኪዮሴራ፣ የሪኮና የዚብራ ፕሪንተሮች ገጽ ሲላክ ኮምፒውተሩን ይጥል ነበር። ማይክሮሶፍት ማስተካከያውን የላከው በሳምንት ውስጥ ነው። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ማሻሻያውን መዝጋት ሳይሆን ጥቂት ቀናት ማዘግየት ነው። ያው ግሩፕ ፖሊሲ ወርሃዊ ማሻሻያን እስከ 30 ቀን ለማዘግየት ይፈቅዳል፤ አንድ ሳምንት ቢሰጠው የሌላው ዓለም ማሽኖች የሚደርስባቸውን ለማየት ይበቃል፣ ከአጥቂ ጋር ለሚደረገው ሩጫም ብዙ አያዘገይም። በደኅንነት ማሻሻያ ላይ ሳምንት፣ በድራይቨር ላይ ወራት፦ መጠኑ የሚለያየው የመዘግየቱ አደጋ ስለሚለያይ ነው።

እኔ ከሁሉ የምፈራው ግን ሦስተኛውን ተቃውሞ ነው። «ድራይቨሩን የሚዘጋው ሰው ተመልሶ አይከፍተውም፤ ባለሙያው ይዛወራል፣ ኃላፊው ይለወጣል፣ ላፕቶፑ በአሮጌው ይቀራል» ይባላል። አውቶማቲኩ አሠራር የተፈጠረውም የሰው ልጅ የመርሳት ጠባይ ስለታወቀ ነው። መልሱ ሥራውን ከሰው ትዝታ ወደ ቢሮው ዓመታዊ ዕቅድ ማዛወር ነው። ሰኔ ከተዘጋና የሐምሌ መክፈቻ ካለፈ በኋላ በነሐሴ አንድ ቀን፣ የግማሽ ዓመት ሪፖርት ካለቀ በኋላ በየካቲት አንድ ቀን፣ በአጠቃላይ በዓመት ሁለት ቀን «የድራይቨር ቀን» ተብሎ በዕቅድ ይያዝ። በዚያ ቀን መጀመሪያ አንድ ላፕቶፕ ብቻ ከአምራቹ ድረ ገጽ በወረደ ድራይቨር ይታደስ፤ ለሳምንት ያህል ይሥራበት፣ ያትም፣ ይገናኝ። ደኅና ከሆነ ሌሎቹ ይከተሉ። የጎጃም ገበሬ አዲስ ዘር ሲሰጠው ማሳውን በሙሉ አይዘራበትም፤ ከዳር ትንሽ መሬት ቆርጦ ይሞክረዋል። የላፕቶፑም ጥበብ ከዚህ አይርቅም። በመካከሉ አደገኛ የድራይቨር ቀዳዳ ይፋ ከሆነ ቀኑ ሳይጠበቅ ያ ድራይቨር ብቻ ይታደሳል። ይህን የመከታተልና የማስጠንቀቅ ሥራ ለእያንዳንዱ ወረዳ ከመተው፣ የዞኑ ባለሙያዎች በየወሩ አንድ ገጽ ማስታወቂያ ቢልኩ ይበቃል።

ጉዳዩን አስቸኳይ የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች በቅርቡ ተከታትለው መጥተዋል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበላቸው የኢንቴል ላፕቶፖች በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ጀምሮ ያሉት ስለሆኑ፣ ብዙ አሮጌ ላፕቶፖች በመካከል ቀርተዋል፤ አምራቾችም እነሱን እያሰቡ ድራይቨር መፈተናቸው እየቀነሰ ይሄዳል። ማይክሮሶፍት ደግሞ በሰኔ 2017 ዓ.ም. አሮጌ ድራይቨሮችን ከዊንዶውስ አፕዴት ማጽዳት እንደሚጀምር አስታወቀ፤ የመጀመሪያው ዙር የሚነካው አዲስ ምትክ የወጣላቸውን ነው። ለእኛ ይህ ማለት አሮጌው ላፕቶፕ በደኅና የሚሠራበት ድራይቨር አንድ ቀን ፎርማት ተደርጎ ሲፈለግ ከዚያ ላይገኝ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ቢሮው ዛሬ የሚሠሩትን ድራይቨሮች አውጥቶ በፍላሽና በሌላ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ አለበት። ዊንዶውስ ይህን የሚያደርግ ትእዛዝ በውስጡ አለው፤ ሥራውም ለአንድ ላፕቶፕ የደቂቃዎች ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው አንድ መዝገብ ነው፦ የላፕቶፑ ሞዴል፣ የፕሪንተሩ ስም፣ የሚሠራበት ድራይቨር ቁጥር፣ የታደሰበት ቀን፣ ያደሰው ሰው ፊርማ። የንብረት ክፍል ለእያንዳንዱ ወንበር ቁጥር ይሰጣል፤ ወንበር ቢሰበር ቆሞ መሥራት ይቻላል፣ ድራይቨር ቢሰበር ግን ሥራው ራሱ ይቆማል። መዝገቡ ካለ ባለሙያው ቢዛወር ተተኪው ከባዶ አይነሣም፤ ከስናን የመጣውም ሰው ጠዋት መስኮቱ ላይ ሲደርስ ፕሪንተሩ ትናንት በነበረበት ይቆየዋል። ከተለወጠም የተለወጠበት ቀንና የለወጠው ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ወደ ቀድሞው የሚመልሰው ድራይቨርም እዚያው መሳቢያ ውስጥ አለ።